«ትንሽ ጠጋ እንበል»

ከወልድያ ተነስቶ እንግዳ ወደ ላሊበላ ተራሮች የሚያወጣ አንድ የዱር እንስሳት ፎቶ አስጎብኚ በሥራው ላይ አብዝቶ የሚሰማው ይህንን ነው። ይህን ካሉት ሰዎች ብዙዎቹን ረስቷቸዋል፤ አንዱ ደንበኛ ግን አሁንም ይከነክነዋል። ሰውየው የሀብሩ ልጅ ነው፤ መርሳ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ። ወደ አገር ቤት ከመምጣቱ በፊት አላስካ ሄዶ ድብ ፎቶ አንስቷል፤ ፎቶው ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ያስቀናል። ፏፏቴ አፋፍ ላይ የቆመ ቡናማ ድብ አፉን ከፍቷል፤ ሽቅብ የዘለለው ሳልመን ዓሣ ጥርሱ ላይ ለመድረስ ስንዝር ቀርቶታል። ሐሳቡ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይህንኑ በቀይ ቀበሮ መድገም ነበር።

ማለዳ አንዲት ቀበሮ ታየች። ሩቅ ናት፤ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ። «ጋሼ፣ እዚሁ ቁጭ እንበል፤ አይጥ እየፈለገች ወደዚህ መምጣቷ አይቀርም» አለ አስጎብኚው። ሰውየው አልተቀመጠም። በግ የሚጠብቀውን ልጅ በእጁ ጠራና ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት አሳየው፤ ውሻውን በወዲያኛው ጥግ አዙሮ ቀበሮዋን ወደ ካሜራው እንዲነዳለት። ልጁ ብሩንና አስጎብኚውን እያፈራረቀ አየ። «ውሻህን ያዝ» ሲባል ውሻውን አንገቱን ይዞ አስቀረው፤ ቀበሮዋ ግን ቀድማ ገደሉን ተሻግራ ነበር። ወልድያ እስኪገቡ ድረስ የሰውየው ነገር አንድ ነበር፦ «በከፈልኩት ልክ አላቀረብከኝም።»

አስጎብኚ የሚከፈለው እንስሳ ለማቅረብ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የውጭ አገር ሰውም የአገር ልጅም፣ ትልቅ ሌንስ የተሸከመውም በስልክ የሚያነሳውም እኩል ያምንበታል። የሚገርመው፣ እምነቱን ይዘው ከሚመጡት መካከል የድብ ፎቶ ያነሱት ይበረታሉ። ድብ ያህል አውሬ በቅርብ ካዩ በኋላ አንዲት ሃያ ኪሎ የማትሞላ ቀበሮ ሩቅ ሆና ስትቀር ንቀት ይመስላቸዋል።

የአላስካው ፎቶ እንዴት እንደተነሳ ግን አይናገሩም። በካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ብሩክስ ፏፏቴ በሐምሌ ወር ላይ ድብ የሚሞላው ማንም አቅርቦት አይደለም። ሳልመን ዓሣ ወደ ላይ ሲዋኝ ፏፏቴው ስለሚያግደው ከሥር ይከማቻል፤ ድቡ የሚመጣው ለዓሣው ነው። ጎብኚው ገና ሲደርስ የፓርኩ ሠራተኞች ስለ ድብ ያስተምሩታል፤ ሳይማር አይንቀሳቀስም። ከዚያም ከፍ ብሎ በእንጨት የተሠራ መድረክ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ከመድረኩ ውጭ ከድብ ቢያንስ 45 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በዚያው በአላስካ ያለው የማክኒል ወንዝ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል፤ ወቅቱ ሲደርስ በቀን ከ10 ጎብኚ በላይ አያስገባም፣ እነሱም በዕጣ ነው። እዚያ ድቦቹ አንዳንዴ ከሰው ጥቂት ሜትር ላይ መጥተው ዓሣ ይበላሉ። ይህ የሆነው ሰዎቹ በየዓመቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ምግብ ሳያሳዩ ስለሚቀመጡ ነው። የሚቀርበው ድቡ ነው፤ ሰውየው አይነቃነቅም።

ተቃራኒውም ታይቷል። ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ሚቺዮ ሆሺኖ ዕድሜውን ከአላስካ ድቦች ጋር ያሳለፈ፣ ርቀትን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 በካምቻትካ፣ ኩሪል ሐይቅ አጠገብ ድንኳኑ ውስጥ እንደተኛ ድብ ገደለው። ያ ድብ አስቀድሞ ከሰው እጅ ምግብ የለመደ ነበር። ያለመዱት ሌሎች ናቸው፤ የሞተው እሱ ነው።

ይህ ሲነገር ደንበኛው የሐረርን ጅብ ይጠራል። «ሐረር በእጅ ያበሉት የለም እንዴ?» ያበላሉ። የሐረር ጅብ ከከተማው ጋር የኖረ፣ በከተማው ቆሻሻ የሚያድር እንስሳ ነው፤ የሚያበሉትም ልምዱን ከአባቶቻቸው የወረሱ፣ ጅቦቹን በስም የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ቱሪስት አንድ ጠዋት በፌስታል ይዞት የሚመጣው ሥጋ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቀጥሎ የጭላዳ ነገር ይመጣል። ጭላዳ ሣር እየነጨ ከሰው አምስት እርምጃ ላይ ይቀመጣል፤ ሕፃናቱ ይላፋሉ፣ ትልልቁ ወንድ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ገልጦ ያያል። ይህን ያየ ሰው ተራራው ሁሉ እንዲህ የሚቀርብ ይመስለዋል። ጭላዳ ግን የሚበላው ከእግሩ ሥር ነው፤ ሣር ሰው መጣ ብሎ አይሸሽም። የቀበሮዋ ምግብ ይሸሻል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በቅርብ ያላየ ሰው አይገባውም። ቀይ ቀበሮ ስታድን አንገቷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጋ፣ ጆሮዎቿን ወደፊት አቅንታ፣ የፊት እግሯን አንስታ ሳታሳርፍ ትቆማለች። የምትሰማው ከሣሩ ሥር ያለውን አይጥ ነው። አይጡም ይሰማል። የሰው ኮቴ መሬቱን ሲያናውጥ ቀድሞ ጉድጓድ የሚገባው እሱ ነው፤ ቀበሮዋ የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ጠጋ ያለው ሰው ቀበሮዋ የፈራችው ይመስለዋል። ቁርሷን ነው ያስቀረባት። ሰውና ከብት በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ቀበሮዎች አደናቸውን ወደ ምሽትና ወደ ንጋት ይገፋሉ፤ በቀን ብርሃን ሲያድኑ ማንሳት የሚፈልገው ፎቶ አንሺ በገዛ እግሩ ብርሃኑን ይሰርቃል።

ቀበሮዋ ራሷ ይህን ታውቀዋለች ቢባል ማጋነን አይደለም። በመንዝ ጓሳ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮዎች ጭላዳ መንጋ መካከል ገብተው ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶው ይሳካል፤ ብቻቸውን ሲያድኑ 25 በመቶ ብቻ። መንጋው መሃል ሲገቡ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ የጭላዳን ልጅ ዓይናቸው ሥር እያዩ አይነኩም። ስለዚህም ጭላዳው አይሸሽም። ሌንስ የተሸከመ ሰው ያንን ያህል ትዕግሥት ቢኖረው አስጎብኚ ሁሉ ባረፈ።

ምግብ የለመደ እንስሳ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ደግሞ መርሳና ግራና አካባቢ ያለ ገበሬ ጥናት አያስፈልገውም። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ለዝንጀሮና ለወፍ ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚቀሩትም ለዚሁ ነው። በዋናው መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ፎቶ ለማንሳት ሲል ከመኪና መስኮት ሙዝ ሲወረውር ለሱ ጨዋታ ነው። ዝንጀሮው ግን ሰውን ከምግብ ጋር አገናኝቶ ይማራል፤ መኪናው ሲሄድ የተማረውን ይዞ ማሳ ይገባል። የፎቶውን ዋጋ የሚከፍለው ማማው ላይ ያለው ልጅ ነው።

የውሻው ነገር ከሁሉ ይከፋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በሰሜን ወሎ አቡነ ዮሴፍና አቦይ ጋራ ላይ የቀሩት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ከጉና ተራራ ጠፍተዋል። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991ና በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከግማሽ በላይ ፈጅቷል፤ በሽታውን ያመጣው ከበግ ጋር የሚውል ውሻ ነው። ባሌ ብዙ ስለነበሩ ከዓመታት በኋላ አገገሙ። አቡነ ዮሴፍ ላይ አንድ የታመመ ውሻ ቢነክስ የሚያገግም መንጋ ላይኖር ይችላል። ለአንድ ፎቶ ውሻ የሚያስለቅቅ ሰው የሚጫወተው በዚህ ነው።

ፎቶውስ ቢሆን? በውሻ የተነዳች ቀበሮ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ጅራቷ ወርዶ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሸሽ ነው የምትነሳው። እንዲህ ያለ ፎቶ በየቦታው ሞልቷል። ሰማዩንና ጅብራውን ይዞ፣ ቀበሮዋን ትንሽ አድርጎ ከሩቅ የተነሳው ይሻላል፤ የት እንደምትኖር ይናገራልና። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባሌ የወጡት ፎቶዎች ዓለምን ያነጋገሩት ቀበሮዎች የአሸንዳን አበባ ማር ሲልሱ፣ አፍንጫቸው በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆኖ ስላሳዩ ነው። ሥጋ ጥሎ ይህን ማግኘት አይቻልም። አበባው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

እንቢ ማለት ለአስጎብኚው ርካሽ አይደለም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እንግዳ በስንት ጊዜ አንዴ የሚመጣ ሆኗል፤ ጉርሻ የሚሰጠው ደግሞ የቀረበለት ሰው ነው። ስለዚህ የሚያቀርቡም አሉ፤ ሥጋ የሚጥሉም፣ ውሻ የሚያስለቅቁም። ደንበኛው ጥሩ አስጎብኚ ይላቸዋል፣ ለሌላ ደንበኛም ይጠቁማቸዋል። ገበያው ሙያውን እንዲህ እያበላሸው ነው።

አቡነ ዮሴፍ ወይም ጓሳ ለመውጣት ያሰባችሁ፣ በተለይ ከውጭ የምትመጡ የወሎ ልጆች፦ አስጎብኚያችሁን ከመቅጠራችሁ በፊት «ምን ያህል ታቀርበኛለህ?» አትበሉት፤ «የት እንቀመጣለን?» በሉት። ለእረኛው ብር መስጠት ከፈለጋችሁ ውሻውን ስላሰረ ስጡት። ከኅዳር እስከ ጥር ጉድጓድ አጠገብ ግልገል ካያችሁ ካሜራውን አጥፉና በመጣችሁበት ተመለሱ።