ብስክሌት በወንዝ ዳርና የጉለሌ ዳገት

በደቡብ ፈረንሳይ ሚዲ የሚባለው በ1681 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የውሃ ቦይ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ዱሮ ጀልባ ጎታች ፈረሶች ይሄዱበት የነበረው ዳሩ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ነው። ሜዳ ስለሆነ አዛውንትንም አያደክም።

የእኛ የጉለሌ ወንዞች ግን ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወንዞች ዳርቻ ልማት ከተጀመረ፣ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ብስክሌት መንጃ ቦታ ተገኝቷል። በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ መውጣትን ግን አንመክርም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ለጀማሪ ሜዳው ላይ፣ እየተጨዋወቱ መንዳት በሚቻልበት ፍጥነት፣ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ይበቃል።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ወገኖቻችን በተለይ ይጠንቀቁ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ይስባልና መንቀጥቀጥና ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ወዲያው ከብስክሌቱ ወርደው ተምር ይብሉ፤ ኪስዎ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ሳይዙ አይውጡ።

ዙህር መንገድ ላይ ከደረሰብዎ ደግሞ ውዱእዎን በወንዙ አያድርጉ። የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ሲገባበት የኖረ ውሃ ነውና ከቤትዎ በጠርሙስ ይዘው ይውጡ።