ገበሬው ሲያረጅ መሬቱ ለማን ይሆናል?

የሕዝብ ዕድሜ የቤትንና የንብረትን ዋጋ ይለውጣል የሚለው ክርክር በብርቱ የተነሣው በአሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1964፣ በዚያ አገር 76 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ተወለዱ። እነዚህ አድገው ቤት ሲሹ ዋጋ ወጣ፤ ሲያረጁ ግን ቤታቸውንና አክሲዮናቸውን ለሽያጭ ያወጣሉና ዋጋው ይወድቃል ተብሎ ተሠጋ። ማንኪውና ዌይል የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት በ1989 የቤት ዋጋ በብርቱ እንደሚወርድ ተነበዩ፤ ዋጋው ግን እስከ 2006 ድረስ ወጣ እንጂ አልወረደም። ዕድሜ ብቻውን ገበያን አይመራምና፤ ብዙ ሽማግሌም እስኪሞት ድረስ ከቤቱ አይወጣም።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እርግጥ ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት። ይሁን እንጂ ጥያቄው በሌላ መልክ ቆቦና ራያ ቆላ ደርሷል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ገበሬ ዛሬ ሰባን አልፏል። የእርሱ ዋና ሀብት መሬቱ ነው፤ መሬት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የአሜሪካው አዛውንት ቤቱን ሸጦ እንደሚጦር፣ የራያው አዛውንት መሬቱን ሸጦ ሊጦር አይችልም። በ2003 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ሠራተኞች የተዘረጋው ጡረታም ገበሬውን አይጨምርም።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ጉልበቱ ሲደክምና በሬው ሲያልቅ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ጡረታው የምርቱ እኩሌታ ነው። ዝናብ ሲቀር ወይም ጎርፉ ሳይጠለፍ ሲያልፍ፣ ማሽላው ለባለመሬቱም ለአራሹም አይበቃም።

ከዚህ የከፋው ግን የማይታየው ጉዳት ነው። እኩል አራሹ በሚመጣው ዓመት መሬቱ በእጁ እንደሚቆይ ካላወቀ እርከን አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም። አዛውንቱ አቅም የለውም፤ ወጣቱ ዋስትና የለውም። የውጭ አገር ሰዎች «ኢንቬስትመንት» የሚሉት ነገር በሁለቱ መካከል ይቀራል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ግን የከርሰ ምድር ውኃ በወጣበት ማሳ ላይ ሽንኩርት ስለሚለማ፣ እዚያ መሬት ለመከራየት የሚሻው ብዙ ነው።

ውርስም ቢሆን ቀላል መፍትሔ አይደለም። አራት ጥማድ ለአምስት ልጆች ቢከፈል ለአንዱ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወጣቱ ወደ ሳዑዲ አረቢያ ይሰደዳል፤ ቀንቶት ገንዘብ ቢልክ ደግሞ ገንዘቡ ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ቆቦ ከተማ ቤት ይሄዳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ቤት ይሸጣል፣ ክፍሉም ይከራያል። ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ የከተማ ቦታ በአብዛኛው በጨረታ ስለሚገኝ፣ ተፎካካሪ በበዛ ቁጥር ቦታው ከድኻው እጅ ይርቃል።

ጃፓን የዚህን መንገድ መጨረሻ ታሳየናለች። በ2023 በተደረገው ቆጠራ 9 ሚሊዮን ያህል ባዶ ቤቶች ተገኝተዋል፤ የብዙዎቹ ወራሾች ወደ ከተማ ሄደው ቀርተዋል። የእኛ ችግር ባዶ ቤት ሳይሆን ጠባብ ማሳ ነው፤ ወላጅን ማን ይጡር የሚለው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

መሬት ይሸጥ አይሸጥ የሚለው ክርክር ቶሎ አያልቅም። እስከዚያው ግን ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ገበሬው የይዞታ ደብተር መያዝ ጀምሯል። ደብተር ካለ የብዙ ዓመት ኪራይ በጽሑፍ ውል ሊያዝና ሊመዘገብ ይችላል፤ ኑዛዜም እንዲሁ። የረጅም ጊዜ ውል ለወጣቱ ዋስትና፣ ለአዛውንቱ ቋሚ ገቢ ይሆናል። እኛ ተማሪዎች በክረምት ወደየቤታችን ስንገባ አባቶቻችንን በአክብሮት ልንጠይቃቸው የሚገባው ይህንን ነው፦ መሬቱ ማን እጅ ነው? ውሉስ የት ተጽፏል? ይህ ሳይጠየቅ የቀረ እንደ ሆነ፣ መልሱን የሚሰጠው የወንድማማቾች ክስ ነው።