ሜዳውን ለቆ የወጣ ሁሉ ከሃዲ ነውን?

በስደት ባለን ኢትዮጵያውያን ዘንድ አንድ ልጅ በስፖርት ስኮላርሺፕ ኮሌጅ ገባ ከተባለ ወሬው ከወላጆቹ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። በሰርጉ፣ በለቅሶው፣ በዕድሩ ስብሰባ ስሙ ይነሳል። ከአባቱ ጋር ሰላምታ እንኳ የሌለው ሰው «የኛ ልጅ» ይለዋል። ይህ በራሱ ክፋት የለበትም፤ በሰው አገር ስማችን በበጎ ሲነሳ ደስ የማይለው ማን ነው? ጣጣው የሚመጣው ልጁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት «ስፖርቱ በቃኝ፣ ሌላ ነገር ልሠራ ነው» ያለ ዕለት ነው። የኛ ልጅ የነበረው በአንድ ሌሊት «ዕድሉን በእግሩ የረገጠ» ይሆናል።

ለመሆኑ ተሰጥኦ የማን ነው? የባለቤቱ ወይስ የአጨብጫቢው? ጥያቄው እኛን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስልብን ከአሜሪካኖቹ ከራሳቸው እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማይረን ሮል የሚባል ወጣት ነበር። ወላጆቹ ከባሃማስ የመጡ ናቸው፤ እሱ በ1986 ሂዩስተን ተወልዶ ኒው ጀርሲ አደገ። በ2006 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጨርስ ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የተባለው የስፖርት ጣቢያ በአገሪቱ ካሉ የአሜሪካ ፉትቦል ተስፈኞች ሁሉ አንደኛ አድርጎ መደበው። ዩኒቨርሲቲዎች ተሻሙበት፤ እሱም ፍሎሪዳ ስቴትን መረጠ። ነገር ግን ይህ ልጅ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሌላ ሕልም ነበረው። ወንድሙ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙን የቤን ካርሰንን የሕይወት ታሪክ ሰጥቶት ካነበበ ወዲህ የአንጎል ቀዶ ሐኪም እሆናለሁ ይል ነበር። ፍሎሪዳ ስቴት ገብቶም በኋላ መስመር ተከላካይነት እየተጫወተ ዲግሪውን በሁለት ዓመት ተኩል ጨረሰ።

ኅዳር 22 ቀን 2008 ሁለቱ ሕልሞች ተጋጩ። በዚያን ዕለት ሮል አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ከተማ ለሮድስ ስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ ነበረው። ይህ ስኮላርሺፕ በዓመት 32 አሜሪካውያንን ብቻ መርጦ ወደ ኦክስፎርድ የሚልክ ነው። በዚያው ምሽት ደግሞ ቡድኑ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ግጥሚያ ነበረበት፤ ሜዳው ኮሌጅ ፓርክ ነው፣ የኛ ሰው ከተሰበሰበበት ከሲልቨር ስፕሪንግ የማይርቀው። ሮል ቃለ መጠይቁን አስቀደመ። ተመርጠሃል እንደተባለ በትንሽ አውሮፕላን በርሮ ጨዋታው ሁለተኛው ሩብ ላይ እንዳለ ደረሰ፤ ልብሱን ቀይሮም ገባ። ቡድኑ 37 ለ 3 አሸነፈ።

በቀጣዩ ዓመት ሮል አንድ የጨዋታ ዘመን እየቀረው ኮሌጅ ፉትቦልን ተወ። ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ቢገባ ብዙ ገንዘብ ይጠብቀው ነበር፤ እሱ ግን ኦክስፎርድ ሄዶ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተማረ። በ2010 ተመልሶ ለምርጫ ሲቀርብ የፕሮፌሽናል ቡድን ሰዎች እንደ ደንባቸው ጠየቁት። ከተጠየቀው አንዱን በኋላ ራሱ ተናግሯል፦ በሜሪላንዱ ጨዋታ ጓደኞችህን ከድተህ ስትቀር ምን ተሰማህ? የሚል ነበር።

ልብ በሉ። የቀረው ከአንድ ጨዋታ አንድ ሩብና ጥቂት ደቂቃ ነው። ጨዋታው በሠላሳ አራት ነጥብ ልዩነት የተሸነፈ ጨዋታ አይደለም፣ የተሸነፈው ሌላው ወገን ነው። ያም ሆኖ ቃሉ «መክዳት» ነው። በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ቃል ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልገንም። አገር ጥሎ የወጣ፣ ከድርጅት የለቀቀ፣ በቃኝ ያለ ሁሉ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ይኸው ቃል ነው። ለጣፊውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ የሰውየው ጉልበት ለራሱ ብቻ እንዲውል የሚፈልግ።

ጥያቄው የመጣው ከክፋት ብቻ ነው ብለን ግን አናምንም። ስሌት አለበት። ፉትቦል ሰውነትን የሚያደቅ ሥራ ነው፤ አሰልጣኝ የሚፈልገው ጉልበቱ እያመመው «አይ፣ ደህና ነኝ» ብሎ የሚገባለትን ሰው ነው። እንዲህ የሚለው ደግሞ በአብዛኛው ሌላ በር የሌለው ነው። ሐኪም መሆን የሚችል ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ብልህነቱ ለአንዳንድ ቡድኖች እንደ ጉድለት ተቆጠረበት። ሮል በስድስተኛው ዙር 207ኛ ሆኖ በቴነሲ ታይታንስ ተመረጠ፤ ኋላም ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር ሞከረ፤ በመደበኛው ውድድር ግን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ነገሩ አበቃ። በ2013 ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ በ2017 ተመርቆ ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስልጠናውን ጀመረ።

ሁለት ዛፍ ላይ ስለሚወጣ ሰው የሚነገረውን ተረት የሚያስታውሱን እንደማይጠፉ እናውቃለን። ይኸው፣ ፉትቦሉም አልሆነለትም ይሉናል። እንዲህ ለሚሉ ሁለተኛውን ሰው እንጥራላቸው።

ጆን አርሸል በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ ሦስት መቶ ፓውንድ ገደማ የሚመዝን ግዙፍ የመስመር ተጫዋች ነው። እዚያው እያለ በሒሳብ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፤ ለተማሪዎችም ሒሳብ ያስተምር ነበር። በ2014 ባልቲሞር ሬቨንስ ወሰደው፤ ሦስት ዓመት በደንብ ተጫወተ። በ2015 ልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ሳተ፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከበድ ያለ ሒሳብ መሥራት እንዳቃተው ተናግሯል። ሰውየው ግን አሁንም ወዲያው አልተወም። ኤም.አይ.ቲ. የዶክትሬት ትምህርት ጀምሮ በአንድ እጁ ኳስ በሌላው ቾክ ይዞ ቆየ። ሐምሌ 27 ቀን 2017፣ በ26 ዓመቱ፣ ማቆሙን አስታወቀ።

ከሁለት ቀን በፊት የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ111 የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው በ110ዎቹ ላይ ከተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን የአንጎል በሽታ አገኙ። እርግጥ ነው አንጎሎቹ በቤተሰብ የተለገሱ ናቸው፤ ቤተሰብ ደግሞ የሚለግሰው አንድ ነገር ሲጠረጥር ነው፤ ስለዚህ ከተጫዋቾች ሁሉ ይህን ያህሉ ታሟል ማለት አይደለም። ቢሆንም ኑሮው በአንጎሉ ላይ ለቆመ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል። አርሸል በ2021 ዶክትሬቱን አገኘ፤ በኋላም በዚያው በኤም.አይ.ቲ. የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። ሁለት ዛፍ የወጣ ሰው እንግዲህ ይኸውና፤ እግሩም አልተሰነጠቀ።

የተወ ሁሉ ለዶክተርነት ነው የተወው እንዳይባል አንዲት ሴት ልጅ እናንሳ። ኤሌና ዴሌ ዶን በ2008 ከሁለተኛ ደረጃ ስትወጣ በሴቶች ቅርጫት ኳስ የምትመኛት ቡድን ጠፍታ አይደለም፤ ኃያሉ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ነበር የወሰዳት። ሁለት ቀን ቆይታ ወደ ቤቷ ወደ ዴላዌር ተመለሰች። ታላቅ እህቷ ማየትም መስማትም የማትችል ናት፤ በመዳሰስና በማሽተት ነው የምታውቃት። እንዲህ ካለች እህት ጋር በስልክ አይናፈቅም። ሰልችቷትም ነበር። ቅርጫት ኳሱን ትታ እዚያው ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ መረብ ኳስ ተጫወተች። በዓመቱ ፍቅሩ ሲመለስላት ወደ ቅርጫት ኳስ ተመለሰች፤ በ2015 እና በ2019 የአሜሪካ ሴቶች ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለች። ያኔ አስገድደው አስቀርተዋት ቢሆን ኖሮ ይህ ይገኝ ነበር? ማንም አያውቅም። የሚታወቀው መተው መቃብር አለመሆኑ ነው።

በኛ አገር ታሪክ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ እናገኘዋለን። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት የሚነካው አጣ። ከአምስት ወር በኋላ ሴኡል ላይ ኦሎምፒክ ሲከፈት ግን ኢትዮጵያ የለችም፤ ደርግ ለሰሜን ኮሪያ ሲል ቀርቷል። በ1984 ሎስ አንጀለስም እንዲሁ ለሶቪየቶች ሲባል ተቀርቶ ነበር። መተው የሚፈልገውን «አትተውም» የሚለውና መሮጥ የሚፈልገውን «አትሮጥም» የሚለው አፍ ለኛ አንድ ነው። ሁለቱም እግሩን የባለቤቱ አድርገው አያዩትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር የወሬ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። የአሜሪካን ኮሌጅ ስፖርት በሚመራው በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ሥር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ይወዳደራሉ፤ ማኅበሩ ራሱ እንደሚለው ወደ ፕሮፌሽናል የሚያልፉት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ደንቡ ልምምድን በሳምንት በ20 ሰዓት ይገድባል ይባላል፤ ጉዞውን፣ ወጌሻ ቤቱን፣ «በፈቃደኝነት» የሚባለውን ጂም የሚቆጥረው ግን የለም። የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልምምዱም ከሰዓት በኋላ ነው። ብዙ ልጅ ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ገብቶ በሌላ ትምህርት የሚወጣው በዚህ ሰበብ ነው።

ወላጆች በደንብ ማወቅ ያለባቸው ደግሞ ይህን ነው። በትልልቆቹ ሊጎች ከ2015 ወዲህ ልጁ ውጤት ስላጣ ብቻ ስኮላርሺፑ አይነጠቅም። በገዛ ፈቃዱ ቡድኑን ከለቀቀ ግን ዩኒቨርሲቲው ድጎማውን እንዲሰርዝ ለረጅም ጊዜ የኖረው ደንብ ይፈቅድለታል። ስለዚህ «ተውኩት» የምትለው አንዲት ቃል በአሥር ሺዎች ዶላር ልትመነዘር ትችላለች። ልጁ ለአሰልጣኙ አንድ ቃል ከመተንፈሱ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ማነጋገር፣ በትምህርት ውጤቱ ወይም በቤተሰቡ ገቢ የሚያገኘው ሌላ እርዳታ መኖሩን ማጣራት አለበት። ሃርቫርድና የልን የመሰሉት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ እርዳታቸው የቤተሰብን አቅም የሚያይ በመሆኑ እዚያ ቡድን የለቀቀ ተማሪ ትምህርቱን አይለቅም። ትምህርት ቤት ሲመረጥ ይህ ልዩነት ስንቱ ወላጅ ፊት ላይ ተቀምጧል?

ከሁሉ የከፋው በተማሪ ቪዛ በቀጥታ ከአገር ቤት ለመጡት ነው። ስኮላርሺፑ ከተሰረዘና የሚከፍል ዘመድ ከሌለ ሙሉ ጊዜ መማር አይቻልም፤ ሙሉ ጊዜ ካልተማሩ ደግሞ ቪዛው ይፈርሳል። እንዲህ ያለው ልጅ ጉልበቱ እያበጠ የሚሮጠው ሩጫ ወድዶ ይሁን ወረቀት ፈርቶ ከውጭ አይታወቅም። ለእነዚህ ልጆች የምናጨበጭበውን ያህል ሲተዉ የሚያርፉበት ነገር ማዘጋጀት የኮሚውኒቲ ማኅበሮቻችን ሥራ መሆን ነበረበት። ለዘፋኝ አዳራሽ የሚከራይበት ገንዘብ እስካለ ድረስ ለአንድ ሴሚስተር ክፍያ ይታጣል ብለን አናምንም።

መተው የሚችል ልጅ ሳይተው ሲቀርም አይተናል። ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ተወለደ። ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እያጠና በ2019 በ1500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በ2021 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ተመርጦ በጉዳት ምክንያት ከመወዳደሩ በፊት ወጣ። ሩጫን ሙያ አደርጋለሁ ብሎ አልተነሳም፤ ሐሳቡ የጥርስ ሐኪም መሆን ነበር። በር ነበረው ማለት ነው። ሁለቱን አመዛዝኖ የጥርሱን ትምህርት ለጊዜው አቆየና ኮሎራዶ ሄዶ በሙያ መሮጥ ጀመረ። በ2023 አንድ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ43.97 ሰከንድ ሮጦ የአሜሪካን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ነሐሴ 6 ቀን 2024 ፓሪስ ላይ በ3 ደቂቃ ከ27.80 ሰከንድ ነሐስ አጠለቀ።

የዚያን ምሽት ከሲያትል እስከ ስቶክሆልም ያለው ስልካችን ሁሉ «የኛ ልጅ» ሲል አደረ። በ2022 የጥርስ ትምህርት ቤቱን መርጦ ዛሬ ኬንታኪ ውስጥ የሕፃናት ጥርስ ሲያስተካክል ቢውል ኖሮ፣ እናቱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናገኛቸው ምን እንላቸው ነበር?