ከላቪንግተን ሆኖ ዩራኒየም መግዛት

የናይሮቢው ላቪንግተን የአፓርታማና የገበያ ማዕከል ሰፈር ከመሆኑ በፊት የቡና መሬት ነበር። የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1899 የቅዱስ ኦስቲን ሚሲዮንን እዚህ መሥርተው ቡና አለሙበት። (ቡናው ከአገራችን ከኢትዮጵያ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ዞሮ መምጣቱን ለኬንያውያን ወዳጆቻችን ማስታወስ ደስ ይላል።) በ1954 የተቋቋመው የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያም ጅማሬው ከስታንሊ ሆቴል የቡና ጠረጴዛ ጋር አብሮ ይነሣል። ዛሬ ገበያው ከላቪንግተን ብዙም በማይርቀው ዌስትላንድስ የራሱ መሥሪያ ቤት አለው። የሰፈሩ ሀበሻ ግን ገንዘብ ሲተርፈው ቀድሞ የሚያስበው አፓርታማ፣ የጭነት መኪና ወይም ዕቁብ ነው።

ታዲያ የዩራኒየም ወሬ ከየት መጣ? ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሣም። የአንድ ፓውንድ ዩራኒየም ዋጋ በ2007 ከ130 ዶላር አልፎ ነበር። ከ2011ዱ የፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋ በኋላ ሲወርድ ሲወርድ በ2016 መጨረሻ 18 ዶላር አካባቢ ደረሰ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከ100 ዶላር በላይ ወጣ። ኢትዮጵያ በመስከረም 2025 የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ከሩሲያ ጋር ሞስኮ ላይ ፈርማለች። ኬንያም ለዚሁ ጉዳይ የራሷ ኤጀንሲ አላት፤ ማመንጫው ኪሊፊ ውስጥ ኡዮምቦ ላይ ይሠራል ሲባል የአካባቢው ሰው በ2024 ተቃውሞ አደባባይ ወጥቷል። ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ዩራኒየም እንደ ወርቅ ጌጣጌጥ ቤት ገብተው የሚገዙት ነገር አይደለም። ማዕድኑ ተፈጭቶና ተጣርቶ ዱቄት ይሆናል፣ በበርሜል ይታሸጋል፤ የሚገዛውም በአብዛኛው የኃይል ማመንጫ ድርጅት ነው፣ ለዓመታት በሚዘልቅ ውል። በየቀኑ በግልጽ የሚጫረቱበት እንደ ነዳጅ ያለ ሰፊ ገበያ የለውም። ዋጋውን ተከታትለው የሚያሳውቁት ጥቂት ልዩ ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ ለተራው ሰው የተከፈተው መንገድ ወረቀት ነው፦ የአንድ ማዕድን አውጪ ኩባንያ አክሲዮን፣ ዱቄቱን ገዝቶ የሚያስቀምጥ ፈንድ፣ ወይም የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የያዘ ፈንድ።

ዱቄቱን ከሚያስቀምጡት ታዋቂው በ2021 የተቋቋመው የካናዳው ስፕሮት ፊዚካል ዩራኒየም ትረስት ነው። የትረስቱ ዩራኒየም ፈቃድ ባላቸው የማቀነባበሪያ ድርጅቶች መጋዘን ይቀመጣል፤ ባለድርሻው ግን በርሜሌን አምጡ ማለት አይችልም። ድርሻውን መሸጥ የሚችለው ለሌላ ገዢ ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ ገዢ ሲጠፋ የድርሻው ዋጋ መጋዘን ካለው ዩራኒየም ዋጋ በታች ይወርዳል፣ ሽሚያ ሲሆን ደግሞ ከበላዩ ይወጣል። ገዢ ሁሌም ሁለት ዋጋ ማየት አለበት፦ የወረቀቱንና የዱቄቱን።

ኢቲኤፍ የሚባለው፣ ራሱ እንደ አክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጥና የሚገዛው ፈንድ፣ አሠራሩ ይለያል። በየዓይነቱ እንደማዘዝ ነው፤ በአንድ ትእዛዝ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሳል። የፈንዱ ዋጋ ከያዛቸው አክሲዮኖች ዋጋ ሲርቅ ትልልቅ ነጋዴዎች አክሲዮኑን አስረክበው አዲስ ድርሻ ይወስዳሉ፣ ወይም ድርሻውን መልሰው አክሲዮኑን ይረከባሉ፤ ልዩነቱም ይጠባል። በዩራኒየም ዘርፍ የታወቁት በ2010 የተጀመረው የግሎባል ኤክስ ፈንድና የስፕሮት የዩራኒየም ማዕድን አውጪዎች ፈንድ ናቸው። ሁለቱም ግን አንድ ጉድለት አላቸው። ዘርፉ ጠባብ ስለሆነ የካናዳው ካሜኮ ብቻውን ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ስለዚህ ፈንዱ የሚታየውን ያህል የተሰባጠረ አይደለም።

ቢሆንም አንድ ኩባንያ ላይ ሁሉን ከማፍሰስ ይሻላል። በ2006 የካሜኮ ሲጋር ሌክ ማዕድን ማውጫ በውኃ ተጥለቀለቀ፤ ማምረት የጀመረው በ2014 ነው። የአቅርቦቱ ስጋት በ2007 ዋጋውን ካናሩት ነገሮች አንዱ ነበር። የአንዱ ጉድጓድ ጎርፍ ለሌሎቹ ሲሳይ ሆነ ማለት ነው።

ከውኃም የሚብስ አለ፤ መንግሥት። ኒጀርን እንይ። በሐምሌ 2023 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በ2024 የካናዳው ጎቪኤክስ የማዳዌላን፣ የፈረንሳዩ ኦራኖ የኢሙራሬንን ፈቃድ ተነጠቁ፤ በሰኔ 2025 ደግሞ ሶማኢር የተባለው የማዕድን ኩባንያ ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወረ። የጎቪኤክስን አክሲዮን ብቻ የያዘ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። የዓለምን ዩራኒየም 40 በመቶ ገደማ የምታወጣው ካዛኪስታን ናት፤ አንድ መግለጫዋ ገበያውን ያናውጣል። ስለዚህ የዩራኒየም አክሲዮን የሚገዛ ሰው ከማዕድኑ ይልቅ የመንግሥታትን ውሳኔ እየገዛ ነው፤ እኔ የምለው ይህን ነው።

ከላቪንግተን በእግር የሚደረስበት ወረቀት ግን ሌላ ነው። በናይሮቢ ገበያ የመጀመሪያው ኢቲኤፍ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ በ2017 የተመዘገበው ኒውጎልድ ነው፤ የአንድ ድርሻ ዋጋ ከአንድ አውንስ ወርቅ መቶኛ ጋር የተያያዘ ነው። ፈቃድ ያለው ደላላ ጋር ሄዶ የሲዲኤስ (አክሲዮን የሚመዘገብበት) አካውንት መክፈት ይበቃል። ችግሩ ገበያተኛው ጥቂት መሆኑ ነው፤ በፈለጉት ሰዓት ገዢ ላያገኙ ይችላሉ። አዲስ አበባ ላይ በጥር 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ገና ጀማሪ ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበበት ወጋገን ባንክ ነበር።

ዩራኒየሙን የሚሻ ግን በውጭ አገር ደላላ በኩል መሄድ ግድ ይለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግብር ነው። ኬንያም ኢትዮጵያም ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው፣ ከአሜሪካ ፈንድ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው ሲሞት እዚያ ያለው ንብረት ከ60 ሺህ ዶላር ካለፈ የውርስ ግብር ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ሲሉ በአውሮፓ ገበያዎች የተመዘገቡ ተመሳሳይ ፈንዶችን የሚመርጡ አሉ።

በዋትስአፕ «በወር እጥፍ» የሚል ሰው ቢመጣ ስሙን በኬንያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ፤ ከሌለ ስልኩን ዝጉ። ካለም ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለኪራይ የተያዘ ሽልንግ ለዩራኒየም አይውጣ፤ በ2007 ጫፍ ላይ ዩራኒየም የገዛ ሰው ያን ዋጋ መልሶ ለማየት ዓመታት ጠብቆ እስከ ዛሬም አላየውም።