ዓሣን ማጥናት፣ ስለ ዓሣ መናገር

በጀልዱ ወረዳ በጎጆ ከተማ የሚማር ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ መሆን ቢያምረው እንኳ ሙያው የሌላ አገር ሰው ሙያ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ባሕርን ለሕዝብ ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች ስሟ ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊቷ ሬቸል ካርሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው የእኛው አምባዛ ዘመድ የሆነን የወንዝ ዓሣ ነበር።

ከካርሰን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወሳው በ1962 የወጣውና የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ጉዳት ያጋለጠው «ጸጥ ያለው ጸደይ» ነው። እኔ ግን ለእኛ የበለጠ የሚያስተምረን ጅማሬዋ ይመስለኛል። በ1935 የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ቢሮ ስለ ውሃ ውስጥ ሕይወት አጫጭር የሬዲዮ ዝግጅቶች ፈልጎ ጸሐፊ አጣ። ሳይንቲስቶቹ መጻፍ አልሆነላቸውም፤ ጸሐፊዎቹ ደግሞ ሳይንሱን አያውቁትም። ሁለቱንም የምትችለው ካርሰን ሥራውን ወሰደች፤ በተከታዩ ዓመት በዚያው ቢሮ በባለሙያነት ተቀጠረች፤ በኋላም የኅትመቶቹ ዋና አዘጋጅ ሆነች።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ማለትም ጥናቱን፣ ሠርተውልናል። ሽብሩ ተድላ ስለ ኢትዮጵያ ዓሦች የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። አበበ ጌታሁን ከተመራማሪዋ ሜላኒ ስቲያስኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ አዲስ የዓሣ ዝርያ ለሳይንስ ሲያስተዋውቁ በጎጃሟ ደምበጫ ሰይመውታል። ይህ ዓሣ ጋራ ከተባለው ወገን ነው። የዚህ ወገን ዓሦች የታችኛው ከንፈራቸው ሰፍቶ ድንጋይ ላይ መጣበቂያ ስለሆነላቸው፣ ኃይለኛ ወራጅ ውሃ ጠራርጎ አይወስዳቸውም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የጣና ነጭ ዓሣ ነው። ተመራማሪዎች አንድ ይመስሉ በነበሩት ዓሦች መካከል 15 ያህል ዝርያዎች ለይተዋል፤ ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው ይበላሉ። የሚገርመው የዚህ ወገን ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርስ የሌለው አፍ አዳኝ ሊሆን የበቃው ጣና ከታችኛው ዓባይ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለተቆረጠ ነው፤ ከታች የሚወጣ ተወዳዳሪ ዓሣ ስላልነበረ፣ ክፍት የቀረውን የአዳኝነት ቦታ ነጭ ዓሦቹ ራሳቸው ተከፋፈሉት።

ከነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወደ ወንዝ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ይራባሉ። አስጋሪው ይህን ስለሚያውቅ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ የሚያዘውም ገና ዕንቁላሉን ያልጣለው ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ እንዳሽቆለቆለ ጥናት አሳይቷል። ብርብራ በተባለው ዛፍ ፍሬ ማስገርም አለ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን፣ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር በዓሣው ስንጥብ በኩል ገብቶ የሰውነት ሕዋሳቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። መርዙ ትልቅ ትንሽ አይለይምና ጫጩቱም አብሮ ያልቃል።

የጀልዱ ሰው ይህ የጣና ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የወረዳው ሜጃ ወንዝ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። ከታረሰ ተዳፋት የሚታጠብ አፈር ጠጠሩን ሲሸፍነው፣ በጠጠሩ መካከል ያለ ዕንቁላል የሚያልፍበት ውሃ አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ የማሳ እርከን የሚሠራ ገበሬ አፈሩን ሲያድን የዓሣውንም መራቢያ ያድናል። ይህን ግን ማን ነገረው?

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ፤ «ዋልያ» የተሰኘ መጽሔትም አሳትሟል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። የምርምሩ ውጤት ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መረብ የሚዘረጋውም ብርብራ የሚወቅጠውም ሰው አያነበውም። ባለሙያው ጥናቱን ካሳተመ በኋላ በሬዲዮ ቀርቦ ማስረዳትን እንደ ትርፍ ሥራ መቁጠሩ ይብቃ፤ ያም የሙያው ግዴታ ነው።

በጎጆ፣ በጉደርና በአምቦ ዙሪያ ሥነ ሕይወት የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወደ ቅርባችሁ ወንዝ ውረዱ። ድንጋዩን አገላብጡ፤ ጠጠሩ ንጹሕ ይሁን በደለል የተሸፈነ መዝግቡ፤ ያያችሁትን ዓሣ ፎቶ አንሱ። ያገኛችሁትንም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፋችሁ ለአካባቢው ሬዲዮ ላኩ።