የመጻሕፍት መደርደሪያ በባሮ ዳር

መጽሐፍ ባለበት አገር ሁሉ መጽሐፍን ከጥፋት የሚጠብቅ ዕቃ መሠራቱ አይቀርም፤ ነገር ግን አጥፊው በየአገሩ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ የመደርደሪያው አሠራርም የሚቆምበትን ምድር ጠባይ ሊከተል ይገባዋል። የደጋው ሊቃውንት ይህን አስቀድመው ስለ ተረዱት፣ ብራናውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ላይ በተተከለ የእንጨት ኩላብ በማንገቻው ያንጠለጥሉት ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሮበርት ከርዞን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 በግብፅ ምድረ በዳ ወደሚገኘው የሶርያውያን ገዳም በገባ ጊዜ፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩትን የኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጻሕፍት በዚሁ ሥርዓት በግድግዳው ዙሪያ ተንጠልጥለው እንዳገኛቸው ጽፎአል። እንዲህ የተሰቀለ መጽሐፍ የመሬት እርጥበት አይደርስበትም፤ አይጥም በቀላሉ አያገኘውም፤ ካህኑም መንገድ ሲነሣ ትከሻው ላይ አንግቶት ይሄዳል።

ጋምቤላ ግን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች፣ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠች የቆላ ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ ሆና ከቆመች በኋላ፣ ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ እያራገፉ ቡና ይጭኑባት ነበር፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1949 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወደዚህች ከተማ አስቀድሞ የገባው መደርደሪያ ለመጽሐፍ ሳይሆን ለሸቀጥ የታሰበ መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

በዚህ ምድር ለመጽሐፍ ከሁሉ የከፋው ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ ብርሃንንና ደረቅ አየርን የሚሸሽ ፍጥረት በመሆኑ፣ ከመሬት ወጥቶ ወደ እንጨት ሲጓዝ በምራቁ ያላቆጠውን አፈር እየመረገ የተሸፈነ መተላለፊያ ይሠራል፤ በግድግዳው ስንጥቅ ወይም በመደርደሪያው ጀርባ ሾልኮ ከገባ በኋላም የሣንቃውን ውስጥ በልቶ ስስ ገጹን ብቻ ስለሚያስቀር፣ ባለቤቱ ጥፋቱን የሚያውቀው መጽሐፍ ሊያነሣ እጁን በዘረጋ ጊዜ ነው። ወረቀትም የእንጨት ልጅ ስለ ሆነ ለምስጡ ያው መብል ነው። እንግዲህ በቆላ የሚቆም መደርደሪያ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ጋት መራቅ፣ እግሩም የብረት መሆን ይገባዋል፤ ብረቱ ምስጡን ፈጽሞ ባያግደውም፣ መተላለፊያውን በገሃድ እንዲሠራ ያስገድደዋልና፣ ጠዋት ቤቱን የሚጠርግ ሰው አይቶ ያፈርሰዋል። እግሩ እንጨት የሆነበት ሰው ደግሞ እያንዳንዱን እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ያቆማል፤ ዘይቱ እንዳይጎድል ግን ዘወትር መጎብኘት አለበት።

ከምስጥ ቀጥሎ የሚያሠጋው ውኃ ነው። ባሮ ከዳሩ ሲወጣ እንደ ኢታንግ ያሉት ዝቅተኛ ስፍራዎች በጎርፍ ይጥለቀለቃሉ፤ ጎርፉ በማይደርስበት ቤትም የክረምቱ እርጥበት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። በዚህ ምክንያት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለክብር ሲባል የሚገዛውን ባለ መስተዋትና ባለ ቁልፍ ቁም ሳጥን ለቆላ አገር አልመርጠውም፤ መዝጋት የግድ ከሆነ አየር የሚያሳልፍ የሽቦ ወንፊት በር ይበልጣል። ቺፕውድም ውኃ ሲነካው አብጦ ስለሚፈረፈር ለዚህ አየር አይስማማም። ዋንዛ ለአናጢ እጅ የሚታዘዝ፣ ምስጥንም ከብዙ እንጨት ይልቅ የሚቋቋም ነው፤ ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን ዐዋጅ ከተጠበቁት ዛፎች አንዱ ስለ ነበረ፣ ገዢው እንጨቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባዋል።

ስለ ሣንቃው ርዝመትም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአንድ ሜትር ርዝመት የተደረደረ መጽሐፍ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በመሥሪያ ቤት ጥቅጥቅ ብሎ የሚሰለፈው ቦክስ ፋይልም ቀላል ሸክም አይደለም። በየሜትሩ ያለው ሸክም እኩል ሆኖ የሣንቃው ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ግን ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ሣንቃ በሁለት ድጋፎች መካከል ከ80 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት መስጠት፣ ሸክሙን ከዐቅሙ በላይ ማድረግ ነው።

በመኖሪያ ቤት ሳሎን መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ከብርጭቆና ከቴሌቪዥን ጋር በቢፌ ላይ ይዳበላል፤ ይህም ባይከፋም፣ ለመጽሐፍ ብቻ የተለየ አንድ ሣንቃ ቢኖር የቤቱ ልጆች የት እጃቸውን እንደሚዘረጉ ያውቃሉ። በጎጆ የሚኖር ተማሪ ደብተሩን በቦርሳ አድርጎ በግድግዳው ላይ ቢሰቅል፣ የአባቶችን የማኅደር ጥበብ ሳያውቀው ፈጸመ ማለት ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴም መደርደሪያውን ከቀትር በኋላ ከሚገባው ፀሐይ ቢያዞረው የመጽሐፉ ሽፋን አይደበዝዝበትም።

ይህን ሁሉ በዝርዝር መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በጋምቤላ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአኙዋ፣ በኑዌርና በማጃንግ ቋንቋዎች ይሰጣል፤ በእነዚህ ቋንቋዎች የታተሙት መጻሕፍት ግን ጥቂት ናቸው። በምስጥ የተበላ የአማርኛ ልብ ወለድ አዲስ አበባ ከሚገኙት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ተፈልጎ ሊተካ ይችላል፤ በአኙዋ ቋንቋ የተዘጋጀ አንድ የንባብ መጽሐፍ ከጠፋ ግን ምትኩን ከገበያ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሆይ፣ ከፍ ያለውንና አየር የሚያገኘውን ሣንቃ ለእነዚህ መጻሕፍት ስጡ፤ የታችኛውንም ሣንቃ ግንቦት ሳያልቅ ባዶ አድርጉት።