ልጆቻችሁ «ኔሞን ግዙልን» ካሏችሁ

ልጆቻችሁ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የኔሞን ፊልም አይተው «ያንን ብርቱካንማ ዓሣ ግዙልን» እያሉ ያስጨንቋችሁ ይሆናል። የእኛዎቹ አስጨንቀውናል። እንደ እኛ የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች ከሆናችሁ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩበት።

ዘመዶቹ በቀይ ባሕር የሚገኙት ይህ ዓሣ 25 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ጨዋማ ውኃ ይፈልጋል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ። «ማሞቂያ እንገዛለን» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ግን ብርዱ ብቻ አይደለም። ዓሣ የሚተነፍሰው ውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ውኃው ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ጨው ሲገባበትም እንደገና ይቀንሳል። ስለዚህ ውኃውን ቀን ከሌሊት የሚያናውጥ ፓምፕ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋስ?

እኛ ይህን የተማርነው ጨው በማይፈልጉት ተራ ወርቃማ ዓሦች ነው። ስምንቱን በአንዲት ጠባብ ገንዳ አጉረናቸው ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ሄደና ብንነሣ አፋቸውን ወደ ውኃው ፊት አውጥተው ያዛጋሉ። ባለቤቴ በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈስ ጀመር፤ ሲደክመው እኔ ተቀበልኩት። ጋቢ ተከናንበን በሻማ ብርሃን ስንቀዳና ስናፈስ ነጋ። ሦስቱ ሞቱብን። ለነገሩ በዚያው ገንዳ ዋጋ ምክንያት ሳምንቱን ሙሉ ተኳርፈን ነበር የሰነበትነው።

ስለ ጨውም ላንሣ። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሳል ሐይቅ ጨው በግመል እየተጫነ ከአንኮበር በታች ወዳለችው አልዩ አምባ ገበያ ይመጣ ነበርና ጨው ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የወጥ ጨው ግን ባሕር አይሆንም። የባሕር ውኃ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ሌላም ብዙ ነገር አለበት። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው በሊትር 35 ግራም ያህል፣ ለ100 ሊትር ገንዳ 3.5 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። ውኃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንምና የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ውኃ ነው።

ገንዳው ከተሞላ በኋላም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ዓሣ ሳይገባበት ይቆያል። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚራቡት በዚህ ጊዜ፣ ጥቂት የዓሣ ምግብ እየተጣለበት ነው። ልጆች ባዶ ውኃ እያዩ መታገሥ ይከብዳቸዋል፤ አባቶችም እንዲሁ።

የእኔን ምክር ከፈለጋችሁ፣ ሰፋ ባለ ገንዳ ሁለት ወርቃማ ዓሣ ብቻ አስገቡና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በተጠባባቂነት ያዙ። ወርቃማ ዓሣ ብርዱን ይችለዋል።

ኔሞን ግን እወደዋለሁ። በእነርሱ ዘንድ እናት እንቁላሏን ስትጥል አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቀው፣ በክንፉ እያራገበ ንጹሕ ውኃ የሚያደርስለት በአብዛኛው አባትየው ነው። ይህን ለባለቤቴ ካነበብኩለት ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ጣሳውን ቀድሞ የሚያነሣው እርሱ ሆኗል።